ደግሞ ዛሬ ማን ይሆን የሚያየኝ?

(በስኳርና ግፊት ታካሚዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ደሴ)

የማኅበራችን አባላት፣ ከጤና ጣቢያ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ የቅሬ (የዕድር) ሰብሳቢዎች፣ ሼሆቻችንና ቄሶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ? አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ይህን የኅዳር ውርጭ ችላችሁ በጠዋቱ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ የመጣችሁት ሐረጎን ስትወጡ ብርዱ እንዴት አድርጎ እንደሚቀበል ታውቁታላችሁ። ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከሐርቡ የመጣችሁም አላችሁ። ጉልበቱን የሚያመው አለ፣ ዓይኑ የደከመ አለ። መጥታችኋል። እግዜር ይስጥልኝ። አላህ ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከ30 ዓመት በላይ ነርስ ነበርኩ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ግፊትም ስኳርም እንዳለብኝ ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ የጤና ጣቢያን አግዳሚ ወንበር እንደ ማንኛችሁም አውቀዋለሁ። ካርድ ክፍሉ ሳይከፈት ተሰልፌአለሁ። ስሜ ተጠርቶ አልፎኝ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጬ ያላየሁትን፣ ወዲህ ስቀመጥ አየሁት። ዛሬ የምናገረውም ስለዚያ ነው።

ባለፈው ዓመት በየሰፈሩ ቡና እያፈላን ስንሰበሰብ አንድ ጥያቄ ጠይቀን ነበር። «ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ከሁሉ በላይ ደስ የሚላችሁ ምን ሲደረግላችሁ ነው?» አልን። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። መድኃኒት ይላሉ፣ የላብራቶሪ ማሽን ይላሉ፣ ወረፋው ይጠርልን ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እነዚህንም ብላችኋል፤ እመጣበታለሁ። ግን ሰኞ ገበያ አካባቢ በተሰበሰብንበት ቤት አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «የሚያውቀኝ ሰው ሲያየኝ ነው ደስ የሚለኝ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ጥግ ላይ የተቀመጡ እናት «እኔ የቀጠሮዬ ዋዜማ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደግሞ ዛሬ ማን ይሆን የሚያየኝ እያልኩ አድራለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ በሄድንበት ሁሉ ይኸው ነገር በሌላ በሌላ ቃል ተመለሰ።

እኔም ላይ ደርሷል። በአንድ ተቋም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት የተለያዩ ባለሙያዎች አይተውኛል። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒን ስጀምር ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ይህ መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ የሚያመጣው የታወቀ ነገር ነው። ያየኝ ሐኪም ለወጠልኝ፤ እብጠቱም ጎደለ። በሦስተኛው ወር ሌላ ሐኪም ጋ ደረስኩ። ካርዴ ላይ ለምን እንደተለወጠ አልተጻፈም፤ ተጽፎም ከሆነ አይነበብም። «አምሎዲፒን ይሻልዎታል» ብሎ መልሶ ጻፈልኝ። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ለስንት ሰው ስሰጠው ኖሬአለሁ። ግን ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። ልጁም ቀና ብሎ አላየኝም። መናገር አቃተኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። እግሬ እንደገና አበጠ። ዕድሜዬን በነጭ ጋውን ያሳለፍኩት እኔ ይህን ካልተናገርኩ፣ ከገጠር በሌሊት ተነሥተው የመጡት እናት እንዴት ብለው ይናገሩ?

በ2014 ዓ.ም. የሆነውን ለእናንተ አልተርክላችሁም፤ ኖራችሁበታል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ገሚሳችን ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ተሰደድን፣ ገሚሳችን እዚሁ ቀረን። ኅዳር ሲያልቅ ስንመለስ ጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈው አገኘናቸው። አልጋው፣ ማይክሮስኮፑ፣ ፍሪጁ፣ መድኃኒቱ ሄዷል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ምን እንዳሳለፈ እዚህ ከተቀመጣችሁት የሚያውቅ ያውቀዋል። መብራት የለም። የቀረችውን አንዲት ጠርሙስ ገንቦ ውስጥ ከትቶ፣ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ያቆየ ነበር። ያልተረፉም አሉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ያን ጊዜ አንድ ጤና ጣቢያ ልናጸዳ ገባን። ካርዱ በሙሉ ወለል ላይ ተበትኗል። የተረገጠ አለ፣ የረጠበ አለ። የሰው ስም፣ የሰው ዕድሜ፣ የስንት ዓመት ክትትል። አብራን የምትጠርግ አንዲት ነርስ ነበረች። የስኳርና የግፊት ታካሚዎችን ለዓመታት ስትከታተል የኖረች ልጅ ናት። ሰው መምጣት ሲጀምር ከሱቅ የትምህርት ቤት ደብተር ገዛች። እያንዳንዱ ሲገባ ፊቱን አይታ ትጀምራለች። «እርስዎ ኢንሱሊን ጠዋት ሃያ፣ ማታ አሥር ነበር፤ አይደል?» ትላለች። «እርስዎን የስኳር ኪኒኑ ሜትፎርሚን ሆድዎን ሲረብሽዎት ከምግብ ጋር አድርገንልዎት ነበር» ትላለች። ሰዎቹ ያረጋግጡላታል፤ እሷ ትጽፋለች። ካርዱ ወለል ላይ ነው። የሰዎቹ ታሪክ ግን ልጅቷ ዘንድ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ሞላ። እኔን ወደዚህ ማኅበር ያመጣኝ ያ ደብተር ነው።

የሚያውቀኝ ሰው ይየኝ ማለትን ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። «መድኃኒት በሌለበት ስለ መተዋወቅ ታወራላችሁ እንዴ?» ተብለናል። ጥያቄው አይከፋም። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ በስም የሚታወቅ የራሱ ሐኪም እንዲኖረው መብት ሰጥታለች። ተመራማሪዎች የ4.5 ሚሊዮን ያህል ሰው መዝገብ አይተው እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አሳተሙ። ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ተነጻጸሩ። በድንገተኛ ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው በ28 በመቶ አነሰ። የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ አነሰ። ኖርዌይ ሀብታም አገር ናት፤ የእኛና የእነሱ አቅም አይገናኝም። ግን እዚያ መድኃኒቱ ለሁሉም አለ፣ ማሽኑም አለ። ያ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ መተዋወቁ ይህን ያህል ለውጥ ከታየበት፣ የደሴ ሰው እንቅልፍ አጥቶ የሚመኘው ነገር ከንቱ ምኞት አይደለም።

ደግሞስ እኛ ዘንድ መሠረቱ ተጥሏል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተደረገ። ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ ከሕዝቡ ጋር የሚኖሩ ልጆች። ጤና ኬላው ላይ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ፋሚሊ ፎልደር፣ የቤተሰቡ የጤና መረጃ የሚቀመጥበት ማኅደር፣ ተከፈተ። ማን ክትባት እንደቀረው፣ ማን እርጉዝ እንደሆነች ልጅቷ ታውቃለች። የማን በር በየትኛው መንገድ እንደሚገኝ ታውቃለች። እኛ የዕድሜ ልክ ሕመም ያለብን ሰዎች የምንለምነው ይህንኑ ነው። ቤታችን ድረስ ኑ አንልም። እኛ እንመጣለን። ስንመጣ የምታውቀን አንዲት ልጅ ትኑር።

ለምን ይህን ያህል እንደምደክምበት የጾሙ ነገር ያስረዳልኛል። ወሎ ነን። ረመዷን ሲገባ የሚጾም አለን፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚጾም አለን። ኢንሱሊን ወግቶ ወይ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ውጦ ሳይበላ የሚውል ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ሊሞትም ይችላል። ይህን ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ስንቶቻችን ነን «እጾማለሁ» ብለን ለሐኪም የነገርን? ይቆጣኛል ብለን እንደብቃለን። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ስኳራቸው ወርዶ በሸክም መጡ። ሲነቁ «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ለማን ልንገር? በየጊዜው ሌላ ልጅ ነው የማገኘው። ቢነግሩት ይቆጣል ተባልኩ» አሉኝ። ሃይማኖታቸውን ለማያውቁት ሰው አውጥተው መሟገት አልፈለጉም። የሚያውቃቸው ቢሆን «ጾሙ ሊገባ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይሉት ነበር። እሱም መጠኑን፣ ሰዓቱን ያስተካክልላቸው ነበር፤ ወይም ዘንድሮ አይችሉም ብሎ በጨዋ ቋንቋ ያስረዳቸው ነበር። ሼሆቻችንም ቄሶቻችንም እዚህ አሉ። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ደጋግመው ነግረውናል፤ ዛሬም ከሰዓት በኋላ ይነግሩናል።

ጸበሉም እንዲሁ ነው። ጸበል ስሄድ ኪኒኑን አቆምኩ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ። ጥቁር አዝሙድ ስለጀመርኩ መድኃኒቱ ይቆይልኝ ያሉኝም አሉ። ግፊት ደግሞ አታላይ ነው። አያምም። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይተወዋል፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል። ይህን ሁሉ ምስጢር ሰው የሚያወጣው ለሚያምነው ነው። እምነት በአንድ ቀን አይመጣም።

አሁን ስለ መደመጥ ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት፣ ታካሚው ሕመሙን መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ሐኪሙ እንደሚያቋርጠው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ 335 ታካሚዎችን ሳያቋርጡ አዳመጧቸው። ሰዎቹ በአማካይ በ92 ሰከንድ ጨረሱ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም! እኔ በሥራ ዘመኔ «ይህን ሰው ካስወራሁት ቀኑ ይመሻል» እያልኩ ስንቱን አቋርጬ ይሆን? ይህን ሳስብ ያመኛል። እናንተ የምትሉትም ይህንኑ ነው። «ቀና ብሎ አላየኝም።» «ሳይነካኝ ጻፈልኝ።» ሰው የታመመበትን ቦታ በእጅ ቢዳሰስለት ግማሹ ይቀልለዋል። ይህን አያቶቻችንም ያውቁት ነበር። ወሎ ውስጥ «አብሽር» የምትባል ቃል አለች። ስንት ነገር ነው በውስጧ ያለው። አይዞህ፣ ያልፋል፣ አለሁልህ። ጤና ጣቢያ ገብቶ «አብሽሪ እናቴ» የተባለ ሰው ለሳምንት ያወራዋል። እሷን ለማለት በጀት አይጠየቅም።

የበሩንም ነገር አንርሳ። ምርመራ ላይ ያለ ሰው ክፍል ውስጥ ሌሎች ሦስት ታካሚዎች ቆመው ሲጠብቁ አይተናል። ሴት ልጅ የማሕፀን ሕመሟን፣ ወንድ ልጅ ስኳር የሚያመጣበትን ድካም በሰው ፊት አይናገርም። ዝም ይላል። ዝም ሲል ያልሆነ መድኃኒት ይታዘዝለታል። በሩ ይዘጋልን።

የእናቶችን ነገር ያነሣሁት እንደሆነ ደስ እያለኝ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ወላዶች 10ሩ ብቻ ነበሩ ጤና ተቋም የወለዱት። በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። አምቡላንሱ፣ የኤክስቴንሽን ልጆቹ ልፋት፣ ብዙ ነገር ረድቷል። ግን እኔ በነበርኩበት ቦታ የለወጠንን አውቀዋለሁ። እናቶችን «ለምን ቤት ትወልዳላችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። እናቴ አብራኝ አትገባም አሉ። ገላዬ ይጋለጣል አሉ። ገንፎ የለም፣ ቡና የለም፣ ማርያም ማርያም የሚለኝ የለም አሉ። ከዚያ ገንፎው ጤና ጣቢያ ውስጥ መገንፋት ጀመረ። ቡናው ተፈላ። መጋረጃ ተሰቀለ። እናቶቹም መጡ። ያን ጊዜ ጠይቀን ሰማን፤ ሰምተን አደረግን። ለስኳርና ለግፊት ታካሚ ይህን ለማድረግ ምን ያግደናል?

አሁን ቃል የገባሁት የመድኃኒቱ ነገር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ከዚያ ወረዳ የመጣችሁ አባላት ቀድማችሁ የጀመራችሁ ናችሁ። ሰው መዋጮውን የሚከፍለው ሲታመም እጁ ላይ ገንዘብ ባይኖርም እንዲታከም ነው። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል የሚሰማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጤና ጣቢያው መድኃኒት አይፈጥርም፤ ይህን እንረዳለን። ከአቅራቢው ያልመጣውን ከየት ያመጣል? የምንጠይቀው መንገድ ሳንጀምር እንዲነገረን ነው። ለአራት ሰዓት መንገድ የተነሣ ሰው፣ ለባጃጅና ለታክሲ የከፈለ ሰው፣ መስኮቱ ላይ ደርሶ ነው እንዴ የሚሰማው? ጠዋት በር ላይ አንዲት ወረቀት ብትለጠፍ፣ ለቅሬው ሰብሳቢ አንድ ስልክ ቢደወል ይበቃል። አባላት ደግሞ ደጋግማችሁ ያላችሁት አለ። የለም ሲባል ፊት ሳይጠቆር ይባል። ይኸው ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ልጆቻችን ያነሣችሁትም ትክክል ነው። ለቀጠሮ ሲመጣ የአንድ ቀን ደመወዝ ይቀራል። የክትትል ቀኑ ከሥራ ፈረቃችሁ ጋር እንዲገጣጠም ዘንድሮ በጽሑፍ እንጠይቃለን።

ከጤና ጣቢያ የመጣችሁ ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ስናገር ክስ እንዳይመስላችሁ። የቀኑን ሰው ብዛት አውቀዋለሁ። ምሳ ሳይበላ የሚመሽበትን ቀን አውቀዋለሁ። ደመወዙን አውቀዋለሁ። «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው ፖስተር በየግድግዳው ተለጥፏል። እርኅራኄ ግን የደከመውን ሰው ብቻውን ተሸከም የሚባልበት ዕቃ አይደለም። ባለሙያ በየሳምንቱ ከክፍል ክፍል እየተቀያየረ ታካሚውን እንዴት ይወቅ? የምድብ ሰንጠረዡን የሚያወጣው ኃላፊ እጁ ላይ ነው ነገሩ። ስለዚህ ዘንድሮ ጥያቄያችንን የምናቀርበው ለኃላፊዎች ነው። የስኳርና የግፊት ቀን ላይ አንድ ባለሙያና አንድ ተተኪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይቀየሩ ይመደቡልን። መድኃኒት ሲለወጥ ምክንያቱ ካርዱ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ይጻፍልን። ዋናዎቹ ጥያቄዎቻችን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጥቂቱን ይዘን እስከ መጨረሻው ብንሄድ ይሻላል ብለን ነው።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። በመግቢያው ላይ ለእያንዳንዳችሁ የተሰጣችሁ ትንሽ ደብተር ለዚሁ ነው። መድኃኒታችሁን፣ የተለወጠበትን ቀን፣ ያስቸገራችሁን ነገር ጻፉበት። መጻፍ የማትችሉ የልጅ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ ያዙት።

መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ እኛ አገር አዲስ ዓመት በገባ በማግስቱ፣ አልማ አታ በምትባል ከተማ የዓለም አገሮች ስለ መጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት መግለጫ አወጡ። ከአንቀጾቹ አንዱ፣ ሰው የጤና አገልግሎቱ ሲታቀድም ሲሠራም በግልም በጋራም መሳተፍ መብቱም ግዴታውም ነው ይላል። መብቱም፣ ግዴታውም። ነርስ ሳለሁ ይህን ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ሰኞ ገበያ እኚያን አባት ስሰማ ነው።

ከእኔ ቀጥሎ እንደ ወትሮው የእንግዶች ንግግር ነበር። ዘንድሮ ሥራ አስፈጻሚው ቅደም ተከተሉን ቀይሮታል፤ እንግዶቻችንም ደስ ብሏቸው ፈቅደውልናል። መጀመሪያ የሚናገሩት እኚያ የቀጠሮ ዋዜማ እንቅልፍ አይወስደኝም ያሉት እናት ናቸው። እሺ ብለው መጥተዋል። እስኪጨርሱ ማንም አያቋርጣቸውም።

እማማ፣ ይምጡ። ልጆች፣ ደረጃው ላይ ያዙልኝ። ማይኩንም ዝቅ አድርጉላቸው።